የአፓኩኪ ሦስተኛ ራስ

ናቫላሶ መንደር፣ ካንዳቩ ደሴት፣ ፊጂ
ማርች 6 ቀን 1989

ለዋርሳዬ ለሚቲኤሊ፣ ኦክላንድ

ሰላም ላንተ ይሁን። ለቤትህም ሰላም፣ በየደብዳቤው ለምታማርርበት ለዚያ ብርድም ሰላም። ጌታ ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ምላስህ ድሮም ጽኑ ነው። እኔን ከጠየቅከኝ ደህና ነኝ። ጎደሬው ደርሷል፣ ታንኳዬ ውሃ ታስገባለች፣ ከላይ ሁለት ጥርስ ቀርተውኛል፣ እነሱም ተኳርፈዋል።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። የፓስተሩ ሚስት "አባባ፣ እርስዎ ይንገሩኝና እኔ ልጻፍልዎ" ብላኝ ነበር። የቤቴ ነገር በእሷ አፍ ከቤት ቤት እንዲዞር ስለማልፈልግ እንቢ አልኩ። ፊደሌ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ከሄደ አንተም አንገትህን ወደ ጎን አድርገህ አንብብ።

ወሬው ይኸውልህ። ፊልም የሚያነሱ ሰዎች መጥተዋል። ጀልባ ሙሉ ሳጥንና ድንኳን አራግፈው ከባሕሩ ዳር ሰፈሩ። የሚያነሱት ዱሮ፣ የወንጌሉ ቃል ገና ወደ ደሴቶቹ ሲገባ፣ ስለነበረ አንድ ተዋጊ ነው አሉ። ሚስቱ ትሞታለች፣ ከዚያ በኋላ ያ ሰው ሌላ ሰው ይሆናል። ለዚህ የሚሆን ሽማግሌ ሲጠይቁ መንደሩ በሙሉ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

ፀጉሬን አንተ አላየኸውም። እህትህ ኬሌራ ከሞተች ሁለት ዓመት አለፈ፤ ከዚያ ወዲህ ፀጉሬንም ፂሜንም መቀስ አልነካቸውም። ሌላው ሐዘንተኛ ሁሉ በመቶኛው ሌሊት ተቆርጦ፣ ዓሣውን በልቶ፣ ያንጎናውን ጠጥቶ ወደ ሥራው ሄዷል። እኔ አልተቆረጥኩም። በቤታችን ወግ ሚስቱ የሞተችበትን ሰው የሚቆርጠው የሚስቱ ወንድም ነው። ወንድሟ አልነበረም። በቃ። ስለዚህ አድጓል፤ አሁን በበር ስገባ ጎንበስ እላለሁ።

ሰዎቹም አይተውኝ ወደዱኝ። በወንበር አስቀመጡኝ። አንዲት ፈረንጅ፣ ፀጉርና ቀለም የምትይዘው፣ ከኋላዬ መጥታ ሁለት እጇን ዘው አድርጋ ፀጉሬ ውስጥ ከተተች። ይቅርታ ሳትጠይቅ፣ ሳታጨበጭብ፣ ቱሎው ሳትል። ሚቲኤሊ፣ አባቴ እንኳ ካደግኩ በኋላ ራሴን አልነካኝም። ተነሥቼ ሄድኩ። ማርጎት ነው ስሟ፤ እየተከተለች ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ እኔ ግን እርሻዬ እስክደርስ አልቆምኩም።

በማግስቱ ማንን ወሰዱ? አፓኩኪን። ራሱ የድስት ክዳን የመሰለውን አፓኩኪን። ማታ ያንጎና ስንጠጣ ከጎኔ መጥቶ ተቀመጠ።

"ሴታ፣ አልከፋህም አይደል?" አለኝ።

"በምኑ?"

"ሐዘንተኛ እንድሆን መርጠውኛል።"

"ሚስትህ ሰምታለች?" አልኩት።

ሰዉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሚስቱ በየማለዳው ስትጮህበት ከእኔ ቤት ይሰማል። ደህና ጩኸት ነው፣ ጤነኛ ሴት ናት። እንዲህ ያለው ሰው ስለ ባዶ ቤት ምን ያውቃል?

ወፍራም መንጠቆና የማንበቢያ መነጽር ላክልኝ። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም። መምጣት አለመምጣትህን አልጠየቅኩህም።

ሴታሬኪ

*

ኦክላንድ
ኤፕሪል 17 ቀን 1989

ለዋርሳዬ ለሴታሬኪ፣ ለናቫላሶ ዋና ኩርፊያ

እግዚአብሔር ቤትህን፣ እርሻህን፣ የተኳረፉትን ሁለት ጥርሶችህንም ይባርክ፤ ያስታርቃቸውም። ደብዳቤህን አንገቴን አጣምሜ አነበብኩት፣ እስካሁን አልተቃናም። መንጠቆዎቹና መነጽሩ ከዚህ ጋር አሉ። መነጽሩን ስታደርግ መጀመሪያ ወደ መስታወት እንዳታይ፤ ከባሕሩ ጀምረህ ቀስ በቀስ ወደ ራስህ ና።

አሁን የምነግርህን ስትሰማ ወንበር ላይ ከሆንክ አትነሣ፤ እንደ ልማድህ ትሄዳለህ። የዚያ ፊልም ዊግ የሚሠራው እኔ በምሠራበት ቤት ነው። የሽማግሌው ራስ የደረሰው ለእኔ ነው። የራሱ ልክ ከመጣ ጀምሮ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ የማን እንደሆነ ግን አንተ እስክትጽፍልኝ አላወቅኩም። "ይህ ራስ ነው ወይስ ሐብሐብ?" እያልን ስንስቅ ነው የከረምነው።

ሥራው ምን እንደሆነ ላስረዳህ። ሰውየው አንድ ነው፣ ራሱ ግን ሦስት ነው። የመጀመሪያው ራስ ሚስቱ በሕይወት ሳለች ያለው ነው፤ በኖራ የቀላ፣ በሚዶ የተነሣ፣ ከትከሻ ትከሻ የሚደርስ ፀጉር። ያን የሚያህል ፀጉር ማንም ለብቻው አያቆመውም። ስለዚህ ሰውየው አፉን ሳይከፍት ተመልካቹ ሁለት ነገር ያውቃል፤ ይህ ሰው ይፈራል፣ ቤቱ ውስጥ ደግሞ የሚያበጥረው ሰው አለ። ሁለተኛው ራስ ሚስቱ በሞተች ማግስት ነው። የዱሮዎቹ ሐዘን ሲገባባቸው እንደሚያደርጉት ሙልጭ ብሎ ይላጫል። ለዚህኛው አፓኩኪን እግዚአብሔር አዘጋጅቶልናል፣ እኔ የምጨምረው የለም። ሦስተኛው ከዓመታት በኋላ ነው። ፀጉሩ ተመልሶ በቅሏል፣ ሸብቷል፣ የነካው ግን የለም። ማርጎት ደግሞ ፊቱን ትይዛለች። መጀመሪያ በዘይት ታበራዋለች፤ በኋላ ከጉንጩ ሥር ጠቆር ያለ ቀለም ታስገባለች፣ ሥጋው የሄደ ይመስላል፤ የዓይኑን ጠርዝ ቀላ ታደርገዋለች። በፊልሙ ውስጥ ሰውየው አንድም ጊዜ "አዝኛለሁ" አይልም። የሚናገርለት ራሱ ነው።

ያስቸገረኝ ሦስተኛው ነው። ለዊግ የሚሸጥ ፀጉር ሁሉ ከሕንድና ከቻይና የሚመጣ ቀጥ ያለ ነው። ጠቅልለን ቀቅለን እናጨማድደዋለን፤ የባሕር አየር ሲነካው ግን ተመልሶ ይዘረጋል። ለኋላው የከብት ጭራ ያገለግላል። ለፊቱ፣ ከግንባር ለሚነሣው፣ ካሜራው ከቅርብ ለሚያየው፣ የእኛው ሰው ሽበት ካልሆነ አይሆንም። እሱ ደግሞ የትም አይሸጥም።

እንግዲህ ሴታ፣ ኬሬኬሬ እልሃለሁ። ዘመድ ዘመዱን ሲጠይቅ አይከለከልም። ፀጉርህን ቁረጥና ላክልኝ። በቅርጫት አድርገህ ለጀልባው ሰው ስጠው። አንተም ትገላገላለህ፣ እኔም ሥራዬ ያምራል።

ዋርሳህ ሚቲኤሊ

*

ናቫላሶ
ሜይ 3 ቀን 1989

ለሚቲኤሊ

ሰላም ነህ ብዬ አስባለሁ። ጌታ ይባርክህ፤ ይህንን የምለው ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ስለሚባል ነው።

ጀልባው ትናንት ደብዳቤህን አመጣ፣ ዛሬ መልሱን ይዞ ይሄዳል። መነጽሩ ጥሩ ነው። ባላይ ይሻለኝ የነበረውን ሁሉ አጥርቶ አሳየኝ።

ኬሬኬሬ በወረቀት አይባልም። አንተ ከተማ ውስጥ ኖረህ ረስተኸው ይሆናል፣ ላስታውስህ። ፊት ለፊቴ ትመጣለህ፣ ሰሌኑ ላይ ከእኔ ዝቅ ብለህ ትቀመጣለህ፣ በአፍህ ትጠይቀኛለህ። ያኔ ልከለክልህ አልችልም። በፖስታ ለመጣ ኬሬኬሬ ግን መልሱ እንቢ ነው። እንቢ። መነጽሬን አድርጌ ነው የጻፍኩት፣ አልተሳሳትኩም።

ቁረጥና በቅርጫት ላክ ትለኛለህ፣ እንደ ጎደሬ። ማን ሊቆርጠኝ ነው? የእህትህ ወንድም ኦክላንድ ነው።

ከዚያ ደግሞ ለማን ሊሆን ነው? ለአፓኩኪ። ሽማግሌ ስለሆንኩ የረሳሁ መሰለህ? ኬሌራን ለልጁ ሊጠይቅ መጀመሪያ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዞ አባትህ ቤት የመጣው የአፓኩኪ አባት ነበር። አባትህ መለሰው። እኔ ከዚያ በኋላ መጣሁ፣ የእኔን ተቀበለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፓኩኪ በአጠገቧ ሲያልፍ ኮፍያውን ያነሣ ነበር። ኮፍያ የሌለው ቀን እንኳ እጁን ወደ ራሱ ያነሣ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ አየሁት። ሠርታ ያወጣችውን ሰሌን ሲያመሰግን፣ በቤተ ክርስቲያን ድምጿን ሲያመሰግን። እኔ ባሏ ያን ያህል አላመሰገንኳትም። እንዴት ላመስግናት? እሱ አስቀድሞ ብሎት ይገኛል። አሁን ደግሞ ስለ ሞቷ የማዝንበትን ፀጉር ላልብሰው?

ጉንጩን ያጠቁሩታል ትለኛለህ፤ ዓይኑን ያቀሉታል። ሐዘን ጉንጭ ላይ ነው ያለህ ማነው? እኔ ከሷ ወዲህ ወፍሬያለሁ፤ የምበላው ቆሜ ስለሆነ ምን ያህል እንደበላሁ አላውቅም። ስለ ፀጉርም ካነሣህ አንዱንም አታውቀውም። ሰሌኑ ላይ በቀኝ ጎኔ ነው የምተኛው፤ የእሷ ቦታ በዚያ በኩል ስለነበር። እሷ ከሄደችም ወደ ግራ መዞር እንቢ ብሎኛል። ስለዚህ ፀጉሬ በቀኝ በኩል እንደ ተረገጠ ሣር ተኝቷል፣ በግራ ቆሟል። ልጆቹ "አባባ፣ ነፋስ መታዎት?" ይሉኛል። ነፋስ ነው እላቸዋለሁ።

ይህን ከቀለም ሳጥን ውስጥ አውጥታ ትቀባው እንደሆነ ጠይቅልኝ ያቺን ማርጎትን።

መንጠቆው ቀጭን ነው። ወፍራም ብዬህ ነበር።

ሴታሬኪ

*

ኦክላንድ
ጁላይ 20 ቀን 1989

ለዋርሳዬ ለሴታሬኪ

ሰላምህ ይብዛ፤ ዝናቡም ለእርሻህ በልኩ ይውረድልህ። ሳልጽፍልህ ቆየሁ። አኩርፌ አይደለም፤ ባኮርፍ ከአንተ ተምሬ ነበር። እጄ ሥራ ላይ ስለነበር ነው።

ሦስተኛው ራስ አልቋል። ባለፈው ሳምንት ከሌሎቹ ጋር በአውሮፕላን ሄዷል፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ እሱም ባሕሩ ዳር ይሆናል። ፀጉር አንድ በአንድ ነው በመርፌ የሚተከለው፤ ለፊቱ ብቻ ሳምንታት ፈጀብኝ። ፀጉርህን ደግሜ አልለምንህም። ከሌላ ቦታ አገኘሁ።

አንድ ነገር ግን ልበልህና አትቆጣ። አፓኩኪ ኮፍያውን አነሣ ብለህ ትቀናለህ። አንተ አርባ ዓመት አንድ ሰሌን ላይ ተኛህ። ስትታመም ውሃ ያቀበልካት አንተ ነህ፣ የመጨረሻ ቃሏን የሰማህ አንተ ነህ፤ ምን እንደነበር እስካሁን አልነገርከኝም። እኔ ያለኝ ለገና በስልክ ስትዘምርልኝ የሰማሁት ድምጿ ነው፤ በመካከሉም ፖስታ ቤቱ መስመር ቆርጦብናል። ሐዘኑን ሁሉ አንተ ይዘኸው፣ ሌላ ሰው ትንሽ ሲነካው ሌባ ትላለህ። እኔ በአንተ እንደምቀና አስበህ ታውቃለህ?

ስለዚህ እባክህ ሄደህ እይልኝ። በሰውየው ላይ እንዴት እንደሆነ ጻፍልኝ። ከማንም ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ወፍራም መንጠቆ ልኬልሃለሁ፤ በዚህ ዓሣ ነባሪ ካልያዝክበት አትመልስልኝ።

ሚቲኤሊ

*

ናቫላሶ
ኦገስት 14 ቀን 1989

ለሚቲኤሊ

ሰላምታዬን ከታች ፈልገው፤ አሁን ላይ የለኝም።

ለማየት አልሄድኩም። ታንኳዬን ልደፍን ነው የሄድኩት፤ እሷ ያለችው ደግሞ እነሱ በሚያነሡበት ዳር ነው። ታንኳ የሚደፈነው ካለበት ነው። ሦስት ቀን ደፈንኳት፤ አሁን ከዚህ በላይ የምትደፈንበት ቀዳዳ የላትም።

የመጀመሪያውን ራስ አየሁ። ልንገርህ፣ ያምራል። አፓኩኪ ያንን ሲያደርግ አረማመዱም ተቀየረ፤ ጀርባው ቀና አለ፣ ድምፁ ወፈረ። ሚስቱ እንኳ እህል ይዛ መጥታ ስታየው "እርስዎ" ብላ ጠራችው፤ ከዚያ ትዝ ሲላት ሰደበችው። ይህስ ደህና ነው። በዚህ አልቀናሁም፣ ትንሽ ነው የቀናሁት።

ሐሙስ ዕለት ሦስተኛውን አደረጉለት። ከታንኳዬ ቀና ብዬ አየሁ፣ እጄ ላይ የነበረው መዶሻ ወደቀ። ሚቲኤሊ፣ ፀጉሩ በቀኝ በኩል ተኝቷል። በግራ ቆሟል። እኔ ተቆጥቼ የጻፍኩልህን ወስደህ ለሱ ሠራህለት። የምተኛበትን ጎን፣ ለሌላ ለማንም ያልነገርኩትን። ጎኔን ሰጠኸው።

ይህም ይሁን። ቀርቤ ሳይ ደግሞ ከግራ ቅንድቡ በላይ ነጯ ፀጉር አለች። የአባትህ ልጆች ሁሉ የምትወለዱባት ነጭ፣ ጣት የምታህል። ሌላው ግራጫ ሆኖ እሷ ብቻ እንደ ጨው የነጣች። ኬሌራ ከሻሿ ሥር የምትደብቃት። ከየት አመጣሃት? እህትህ አንተ ዘንድ ፀጉሯን አስቀምጣ ነበር? መቼ ላከችልህ? አንድ ነገር ሳይነግሩኝ ሁለታችሁ ተላላካችሁ ማለት ነው። ለእኔ አንዲት ዘለላ አልቀረችልኝም፤ ሚዶዋን እንኳ ሴቶቹ ከእሷ ጋር ቀበሩት። አንተ ግን ኖሮህ አፓኩኪ ግንባር ላይ ሰፋኸው።

ምሳ ሰዓት አፓኩኪ መጣና ታንኳዬ ጥላ ሥር ተቀመጠ፣ ያንን ፀጉር እንዳደረገ፣ ካሳቫውን ይዞ።

"ከባድ ነው ሴታ" አለኝ።

"ካሳቫው?"

"ማዘን። ከጠዋት ጀምሮ አለቀስኩ።"

"ደረቅ ሰው ነህ፣ ከየት አመጣኸው?"

"ደግሞ ከምሳ በኋላ መሳቅ አለብኝ። ፀጉሬን ይቀይሩልኛል፣ የመጀመሪያውን ያደርጉልኛል፣ ከዚያ እሷ ትመጣለች።"

"ማን?"

"ሚስቴ። በፊልሙ ያለችው፣ የሱቫዋ ሴት። እነዚህ ሰዎች በቅደም ተከተል አያነሡም። ጠዋት ሞታ ነበር፣ ከሰዓት ትነሣለች። ነገ ደግሞ ትሞታለች አሉ።"

ይህን ስማ ሚቲኤሊ። ለአፓኩኪ ራስ ሲቀይሩለት ሚስቱ ትነሣለች። ቤቱ ደግሞ ሌላ ሚስት አለችው፣ ቁጭ ብላ የምትጮህ። እኔ ሁለት ዓመት አንድ ራስ ተሸክሜ ማንም አልተነሣልኝም።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፤ ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር። "ለመሆኑ ምን እያሰብክ ነው የምታለቅሰው?"

ካሳቫውን አስቀመጠ። አላየኝም። "ኬሌራን" አለ። "ይቅርታ ሴታ። ሌላ ሰው አላውቅም።"

ገጀራዬ አጠገቤ ነበር፣ አላነሣሁትም። ይህንን መዝግብልኝ።

ከሰዓት ሁሉም ወደ ባሕሩ ወርደው ትንሣኤዋን ሲያነሡ ወደ ድንኳኑ ገባሁ። ሦስተኛው በእንጨት ራስ ላይ ተቀምጧል። እኔ እንደ ማርጎት አይደለሁም። ፊቱ ቁጭ አልኩ። ከእሱ ዝቅ ብዬ ሦስት ጊዜ አጨበጨብኩ። ቱሎው አልኩ። ከዚያ ደንቡን ጠብቄ፣ በአፌ፣ ፊት ለፊት፣ ኬሬኬሬ አልኩት። አልከለከለኝም። በጎደሬ ቅጠል ሸፍኜ በቅርጫት ይዤው መጣሁ። መንደሩን ሙሉ ፈለጉት። እኔንም ጠየቁኝ፤ "በሕይወቴ የሰው ነገር ሰርቄ አላውቅም" አልኩ። እውነት ነው። የጠየቅኩትን ነው የወሰድኩት።

አሁን አንተ መልስ። የማን ፀጉር ነው?

ሰላምታዬ ይኸው፤ ሰላም ሁን።

ሴታሬኪ

*

ኦክላንድ
ኦገስት 29 ቀን 1989

ለዋርሳዬ ለሴታሬኪ

ሰላም ለአንተና ለቅርጫትህ።

ከደብዳቤህ በፊት ስልኩ ነው የደረሰው። ማርጎት ነበረች፤ ሦስተኛው ራስ ጠፋ፣ አፓኩኪ የሚስቱን መቃብር የሚሰናበትበት ገና አልተነሣም፣ በቶሎ ሌላ ሠርታችሁ ላኩ አለች። አለቃዬ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ "ስንት ቀን ይፈጅብሃል?" አለኝ። "ፀጉር የለኝም" አልኩት። "ያኛውን ካገኘህበት አምጣ" አለኝ። ኮፍያዬን አወለቅኩ።

ራሴን አየ። ከዚያ "ይቅርታ" ብሎ ወጣ። ከሜይ ወር ጀምሮ በሥራ ቦታ ኮፍያ የማደርገው ብርድ ነው ብዬ ነበር።

ኬሌራ ለእኔ ፀጉር ልካ አታውቅም ሴታ። ብትልክልኝ ኖሮ ለአፓኩኪ አይደለም፣ ለአንተም አልሰጥም ነበር። ነጯ የራሴ ናት። እንቢ ያልክበት ደብዳቤ የደረሰኝ ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ በመስታወት አየኋት፣ እሷን አየሁ። የዱሮዎቹ ሰው ሲሞትባቸው ይላጩ ነበር ብዬ የጻፍኩልህ እኔ ነኝ። አንተ የአሁኑን ወግ ይዘህ አሳደግክ፣ እኔ የዱሮውን ይዤ ተላጨሁ። ከዚያ ወዲያ ምን አደርገዋለሁ? ሌላ የማውቀው ነገር የለም፤ ፀጉር ሲኖረኝ እተክላለሁ። ስተክለው ግን በአንተ በኩል አስተኛሁት። ሊገጥም የሚችለው እንደዚያ ብቻ ነበር።

ለምን በቀብሯ እንዳልነበርኩ አንድም ቀን አልጠየቅከኝም። አሁንም አትጠይቀኝ።

ወደዚያ እየላኩኝ ነው። ጠፍቶ ከተገኘ እንዳስተካክለው፣ ካልተገኘ ከማንም ከየትም ብዬ እዚያው ሌላ እንድሠራ። ማክሰኞ ሴፕቴምበር 12 ሱቫ እገባለሁ፣ በሐሙሱ ጀልባ ካንዳቩ። ፊትህ እንዴት እንደምቆም አላውቅም። ራሴን ስታይ አትሳቅ።

ሚቲኤሊ

*

ናቫላሶ
ሴፕቴምበር 9 ቀን 1989

ለዋርሳዬ ለሚቲኤሊ፣ ሱቫ፣ የጀልባው ቢሮ እንዲሰጠው

ሰላምና ጤና ይስጥልኝ፤ ባሕሩም ሐሙስ ዕለት ዝም ይበልልህ። ሆድህ ድሮም ጀልባ አይወድም።

እስቃለሁ። አንተን ራሰ በራ ሆነህ እያየሁ የማልስቅ ከሆነ ዋርሳህ አይደለሁም። ከሳቅኩ በኋላ ግን ሌላ ነገር እናወራለን። የመጨረሻ ቃሏን ጠይቀኸኛል። ለእኔ አልነበረም። "ሚቲኤሊ መጣ?" ነው ያለችው። ለዚህ ነው ያልነገርኩህ። የምናደድብህም ለዚሁ ነው። ከአፓኩኪ በፊት መቅናት የጀመርኩት በአንተ ነው።

ዊጉ ደህና ነው። ድንኳናቸው ውስጥ ከነበረበት ይሻለዋል። በሰሌኑ ላይ በእሷ ቦታ አስቀምጬዋለሁ፤ በቀኜ ስተኛ ነጯ ፊት ለፊቴ ናት። እሱን አልመልስም። አለቃህ ይክሰሰኝ፣ ማርጎት ታልቅስ፣ ያ የአንተና የእሷ ነው፣ አፓኩኪ ግንባር ላይ ዳግመኛ አይወጣም።

አፓኩኪ ትናንት መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ። አላስገባሁትም። "እኔም እኮ አርባ ዓመት ዝም ብያለሁ ሴታ" አለኝ። ካሳቫ ሰጥቼው ሄደ። ይህ ይበቃዋል።

ሰውየው ግን የሚስቱን መቃብር ሳይሰናበት ፊልሙ ሊያልቅ አይችልም፤ ይህ ይገባኛል። ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ስትመጣ ሰሌኑ ላይ ዝቅ ብለህ ተቀመጥ፣ በአፍህ ጠይቀኝ። ያኔ እንቢ ማለት እንደማልችል አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። የተቆረጠውን ወስደህ ለሱ ስፋለት። ሐዘኔን ይልበስ። የእሷን ፀጉር አይልበስ።

የራስህን መቀስ ይዘህ ና፤ የእኔ የዓሣ ነው። ከግራ ጀምር። በቀኝ በኩል ያለውን እኔ እስክልህ ድረስ አትንካው።

ሴታሬኪ